ለገብርኤል የተሳለ ጸጉር

ባለፈው ጳጉሜ አፍንጮ በር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ጭንቅላት ለአንድ ሰዓት ያህል አሸተትኩ። ፈልጌ አይደለም። ሰልፉ አይንቀሳቀስም፤ ዝናቡ ያካፋል፤ እናቷ አዲሱ ሹሩባ እንዳይበላሽ ጥቁር ፌስታል አልብሳታለች። የለጋ ቅቤው ሽታ ግን ከፌስታሉ ሥር እያመለጠ ቀጥ ብሎ ወደኔ አፍንጫ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ቁልፍና ማጠፊያ ስሸጥ ውያለሁ። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ እንጂ ማጠፊያ የሚገዛ ሰው የለም፤ የሚመጣውም ዋጋ ጠይቆ፣ ተገርሞ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ተጠልሎ ይሄዳል። እግሬ ዝሏል። ሰው ሲደክመው ደግሞ እንደ አሮጌ ቁልፍ ነው፤ የነካው ሁሉ ይከፍተዋል።

ልጅቷ ዞር አለች። «እማ፣ ሰውዬው ጸጉሬን እያየ ነው።»

እናቷ ከራሴ እስከ እግሬ ገመገመችኝ። «ምነው ጋሼ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?»

«የለም የለም። አምሮባት ነው። እኔም በልጅነቴ ለበዓል እንዲህ ነበር የምሠራው።»

ሴትዮዋ መላጣዬን አየች፤ ቀጥላ ጃኬቴን አየች፤ ከዚያ ልጇን ወደ ሌላኛው ጎኗ አዛውራ ፌስታሉን አጠበቀችላት። አልፈረድኩባትም። እውነት የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ሌባ ይመስላል።

እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ ጸጉሬ የእኔ አልነበረም። የቁልቢ ገብርኤል ነበር፤ እኔ ተሸካሚው ነኝ። እማዬ ከእኔ በፊት ሦስት ወንዶች ልጆች ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች፤ አንዳቸውም ሁለት ዓመት አልደፈኑም። አራተኛው እኔ ስመጣ ስሜን ምትኩ አለችኝና ለመልአኩ ተሳለች፦ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጸጉሩን ብረት አይነካውም፤ ሰባት ሲሞላው ቁልቢ ወስጄ ደጅህ ላይ አስላጨዋለሁ፤ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላም አገባለሁ። እስከዚያው ጸጉሬ እንደ ሴት ልጅ ይጎነጎናል። እሷም ስትጠራኝ «ነይ»፣ ስትልከኝ «ሂጂ» ነው የምትለኝ። ሞት እንደለመደው ወንድ ልጅ ፈልጎ ቢመጣ ሴት አግኝቶ «ቤት ተሳስቻለሁ» ብሎ እንዲመለስ ነው። ሞትን እንደ ፋራ ገበያተኛ የምታየው እማዬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በሰፈራችን ልጅ የሞተባት እናት ሁሉ የምታደርገው ነው። ብዙዎቹ ግን አምስት ዓመት ሳይሞላው ይተዉታል።

የምንኖረው ከፒያሳ ወደ ውቤ በረሃ ሲወረድ፣ ስድስት ቤት አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። እማዬ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ ሆቴል አንሶላ ታጥባለች። ከሳሙና ብዛት የእጇ ቆዳ ነጥቶ የተሸበሸበ ነው፤ ጉንጬን ስትነካኝ የተቀቀለ ነገር የነካኝ ይመስለኛል።

የበዓል ዋዜማ ሲሆን የግቢው ሴት ልጆች በሙሉ እትዬ ዘርፌ በር ላይ ይሰለፋሉ። እትዬ ዘርፌ አትክልት ተራ ቅቤና አይብ የሚሸጡ፣ ጣታቸው ከምላሳቸው የፈጠነ፣ ምላሳቸው ከሰው ሁሉ የፈጠነ የጉራጌ እናት ናቸው። ሹሩባ ሲሠሩ አያስከፍሉም። «የበዓል እጅ አይሸጥም» ይላሉ። ዱካ ላይ ይቀመጡና ጭንቅላትህን በሁለት ጉልበታቸው መሃል ያጣብቁታል፤ ከዚያ ወዲያ ጭንቅላትህን የምታገኘው ሲለቁህ ነው። በሚዶ ከፍለው፣ ስበው፣ በቀጭኑ ጎንጉነው፣ መጨረሻ ላይ ከነጋዴ የማይጠበቅ ያህል ቅቤ ይለጥፉበታል። ለትልልቆቹ ወደ ኋላ የሚፈስ ሹሩባ፣ ለሕፃናቱ አናታቸው ተላጭቶ ዙሪያውን የሚቀር ጋሜ። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ሱሪ የለበስኩ እኔ ብቻ ነኝ።

«እትዬ፣ የምትኩ ጸጉር ከኔ ይረዝማል። ግፍ ነው!» ትላለች ሰብለ። የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ በዕድሜ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ በድምፅ ግን አሥር።

«አንቺ ዝም በይ። ያንቺ የራስሽ ነው፤ የሱ የሰው ዕቃ ነው» ይላሉ እትዬ ዘርፌ። ወደኔ ዝቅ ብለው ደግሞ «አትነቃነቅ። ዕዳህን ነው የምጎነጉነው።»

ስንቱን እንደምረዳ አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ግን በደንብ ተረድቼ ነበር፤ በስህተት። ከሰፈሩ ወንዶች አንዳንዶቹ ቁንጮ ነበራቸው፤ ሁሉ ተላጭቶ አናት ላይ የምትቀር አንዲት ጭብጥ ጸጉር። ቁንጮ የሚተወው ልጁ ቢሞት መልአክ በእሷ አንጠልጥሎ ወደ ሰማይ እንዲያወጣው ነው ይባላል። ከዚያ ተነስቼ አሰብኩ፦ በአንዲት ቁንጮ አንድ ልጅ የሚነሳ ከሆነ፣ ሃያ ሁለት ጉንጉን የተሸከምኩትን እኔንማ መልአኩ ያለምንም ድካም ነው የሚያነሳኝ፤ ምናልባትም ከነግቢው። ስለዚህ በተኛሁ ቁጥር የአልጋውን ብረት ጨብጬ እተኛለሁ። እማዬ ብርድ ነው ብላ ትደርብልኛለች።

ሰባት ዓመት ሞላኝ። ቁልቢ አልሄድንም። ስምንት ሞላኝ። አልሄድንም። ገብርኤል በታኅሣሥና በሐምሌ ይነግሣል፤ በታኅሣሥ ሲሆን «ብርድ ነው፤ ልጁ ያስለዋል»፣ በሐምሌ ሲሆን «ዝናብ ነው፤ መንገዱ ያንሸራትታል።» እኔም ቁልቢ ማለት ከኢየሩሳሌም ቀጥሎ ያለ አገር ይመስለኝ ነበር። አባቴ የድሬዳዋ መስመር ሾፌር እንደነበርና በየአሥራ አምስት ቀኑ የቁልቢን ዳገት በጭነት መኪና እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ሁለቱን ነገር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ግን አላየኋቸውም።

ዘጠኝ በሞላኝ ዓመት፣ በሐምሌ፣ አባቴ ሻይ እየጠጣ እንዲህ አለ፦

«አስካለ፣ ነገ ጠዋት ነው የምነሳው። ጋቢናው ባዶ ነው። አስላጭተሽው በአራተኛው ቀን ትመለሳላችሁ።»

«ዝናብ ነው።»

«መኪናው ጣሪያ አለው።»

«የጥላው ዘርፍ ገና አልተሰፋም።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር ጥላውን ሳበ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ገለጠው። ዘርፉ ከተሰፋ ዓመት አልፎታል፤ ክሮቹ እንደ በቆሎ ጢም ተንጠልጥለዋል። እማዬን አያት። እሷ የሌለ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ እየጠረገች ነበር። መልሶ ጠቀለለው፤ መልሶ አልጋ ሥር ከተተው። ሾፌር ነው፤ ፊቱ ያለው መንገድ ሲዘጋ ጥሩምባ አይነፋም።

እኔ የገባኝ ወርቁ እንዳነሰ ነበር።

ነሐሴ ገባ። የቡሄ ጨፋሪዎች ዱላ መላጥ ጀመሩ። የኛ ሰፈር አውራጅ ግርማ ይባላል፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የፊት ጥርሱ ተሸርፎ ስለነበር በፉጨቱ ማንም አይደርስበትም። የሱፍ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ሄድኩ።

«እኔም ልጨፍር።»

«አንቺ?»

«ምትኩ ነኝ።»

«ምትኩ መሆንሽንማ እናውቃለን። የቡሄ አይደለሽም እህቴ፤ ለእንቁጣጣሽ አበባ ይዘሽ ከነሰብለ ጋር ትመጫለሽ።»

«ዱላም አለኝ።»

«ምን ያደርግልሻል? ማበጠሪያ ያዢ።»

ሳቁ። አንዱ ከኋላዬ መጥቶ ኮፍያዬን ነጠቀና ሹሩባዬ ትከሻዬ ላይ ተዘረገፈ። የዚያን ዕለት ሳቅ ከዚያ በኋላ በየትም አልሰማሁትም፤ ደስ ያለው ሳቅ ነበር፣ ክፋቱም እሱ ነው። ቡሄን በጓዳ ሆኜ በጆሮዬ አከበርኩት። ሙልሙል አልበላም አልኩ። እማዬ ሆዴን የቆረጠኝ መስሏት ፌጦ አጠጣችኝ።

የጳጉሜ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ አባቴ በጉዞ ላይ ሳለ፣ እማዬ ወደ ሆቴሏ ስትሄድ፣ ከአልጋው ሥር ጥላውን አወጣሁ።

ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው፤ የኛ ሰፈር ወንድ ሁሉ ለበዓል የሚስተካከለው እሳቸው ዘንድ ነበር። ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ አንድ መስታወት፣ ቁመቱ ለማይደርስ ልጅ በወንበሩ ክንድ ላይ የሚጋደም አንድ ጣውላ። ቤቱ አልኮልና ፓውደር ይሸታል። እየዘነበ ስለነበር ሰው አልነበረም።

«የአስካለ ልጅ አይደለህ?» አሉኝ ከወንበራቸው ሳይነሱ። «ሂድ፤ ያንተን ጸጉር እኔ አልነካም።»

«ስለቱ ደርሷል።»

«በምን ደረሰ? ቁልቢ ሄዳችኋል?»

«ዝናብ ስለሆነ እኛ አንሄድም። ጸጉሩ እዚህ ይቆረጥና አባዬ በመኪና ያደርሰዋል ተብሏል። ጥላውም አብሮ ይሄዳል። ይኸው።» ጋዜጣውን ፈታሁ።

በሕይወቴ የሸጥኩት የመጀመሪያው ዕቃ ያ ውሸት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሸጫለሁ፤ እንደዚያ የተሟላ ናሙና ይዤ የቀረብኩበት ቀን ግን የለም። ጋሽ ሸምሱ ተነሱ። የጥላውን ዘርፍ በሁለት ጣታቸው አነሱት፤ ለቀቁት።

«ማል።»

«ወላሂ!»

«አንተ በራስህ ሃይማኖት ማል እንጂ! የኔን ምን አደረግህ?»

«ገብርኤልን!»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ባለ ንብረቱን በስሙ ጠርቼ ንብረቱን ልወስድ መሆኔ ነው። ጋሽ ሸምሱ ግን ጣውላውን አጋደሙት፤ አንሥተው አስቀመጡኝ። ወለሉ ላይ ምንም እንዳይወድቅ ጭኔ ላይ ንጹሕ ፎጣ አነጠፉ፤ «የስለት ጸጉር አይረገጥም፤ የኛም ቢሆን የናንተም» አሉ። እያንዳንዱን ጉንጉን በመቀስ ቆርጠው ፎጣው ላይ ሲያስተኙት እንደ ዓሣ ነበር የሚደረደረው። ከዚያ በቶንዶስ ከማጅራቴ ጀምረው ወደ ላይ ወጡ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። አናቴ ዘንድ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይህቺን አልነካትም።»

«ሁሉም ይቆረጥ ተብሏል።»

«ተብሎ ይሆናል። ይህቺን እናትህ በእጇ ትቁረጣት። እኔ የሰው ስለት ሙሉ ለሙሉ አልዘጋም።»

በመስታወቱ ውስጥ ጆሮው የተገነጠለ የሚመስል፣ አናቱ ላይ ቁንጮ ያለው አንድ የማላውቀው ልጅ ተቀምጧል። አልኮሉ ሲያቃጥለው ልጁ ፊቱን አጨማደደ፤ እኔ መሆኔን ያወቅኩት በዚያ ነው። ስወጣ ግርማ ከሱቁ በረንዳ ሥር ተጠልሎ ቆሞ ነበር። በተሸረፈ ጥርሱ አፏጨ። «ኧረ ምትኩ ወንድ ሆነ!» እስከ ቤቴ ድረስ ከዝናቡ አልተጠለልኩም።

እማዬ ወደ ማታ ስትገባ እኔ አልጋ ላይ ተቀምጬ ለዱላ ተዘጋጅቼ ነበር። አልመታችኝም። አልጮኸችም። ነጠላዋን እንደ ለበሰች መጥታ ያን የነጣ እጇን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ጉንጉኖቹን ጠቅልዬ ያመጣሁበትን ፎጣ አየች፤ ፈታችው፤ ቆጠረቻቸው መሰለኝ።

«ማን ነው?»

«ጋሽ ሸምሱ።»

«ማን ብሎ?»

ፎጣውን አጣጥፋ በጉያዋ ያዘችው። ከዚያ «ና ብላ» አለችኝ። «ነይ» አይደለም፣ «ና»። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ሁለት ቀን እንደ ንጉሥ ኖርኩ። እማዬ ሥራ ቀረች። ውሃ አልቀዳሁም፤ ሱቅ አልተላክሁም። ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ቀን ሁለት እንቁላል። ስበላ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታየኛለች፤ አንድ ጉርሻ ባነቀኝ ቁጥር ብድግ ትላለች። በየደቂቃው ግንባሬን ትነካካለች። ግቢ ስወጣ እሷም ደፍ ላይ ትወጣለች፤ ስገባ ትገባለች። ለካ ወንድ መሆን እንዲህ ነው፤ ቀድሞ በነገሩኝ ኖሮ እላለሁ በሆዴ። ለምን እትዬ ዘርፌ በበራችን ባለፉ ቁጥር «አበስኩ ገበርኩ» እንደሚሉ ግን አልገባኝም። አንድ ጊዜ አጠገቤ ቆመው «አንተ ቀጣፊ፣ እናትህን ነው የላጨሃት እኮ» አሉኝ። የእማዬን ጸጉር አየሁ፤ እንዳለ ነው። አረጁ መሰለኝ አልኩ።

ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ የግቢው ልጅ ሁሉ ራቁቱን ወጥቶ ይቦርቃል። ከዚያ በፊት ሹሩባዬ ውሃ እንዳይጠጣ እኔ በመስኮት ነበር የማየው። ያን ቀን እማዬ ራሷ ልብሴን አውልቃ አወጣችኝ። ራቁቴን ሆኜ ዝናብ በተላጨ ጭንቅላቴ ላይ ሲወርድ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ሺ ትንንሽ ጣት የሚያንኳኳብኝ፣ በጆሮዬ ሥር የሚሮጥ፣ በማጅራቴ የሚወርድ ውሃ። አበድኩ። ሰብለ ጭቃ ወረወረችብኝ፤ ወረወርኩባት። ሌሎቹ በርዷቸው አንድ አንድ እያሉ ሲገቡ እኔም ልገባ ስል እማዬ በሁለት እጇ ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ።

«ትንሽ ቆይ።»

«በረደኝ።»

«ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ። በደንብ ያግኝህ።»

እሷም ከነቀሚሷ ትረጥባለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዱን መልአክ አስቀይመን ሌላውን እያባበልን እንደነበር አሁን ነው የሚገባኝ። ያን ጊዜ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ «ወንድ ልጅ በርዶታል አይባልም» ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ትኩሳት ጣለኝ።

ከትኩሳቱ የማስታውሰው የአልጋውን ብረት ነው። እጄ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ያዝኩት። ገብርኤል በስሙ በውሸት የማለውን ልጅ ሊወስድ መምጣቱ ለኔ የተረጋገጠ ነገር ነበር። ጋሽ ሸምሱ ደግሞ ለመያዣ የምትበቃ አንዲት ጭብጥ አናቴ ላይ ትተውለታል። በአንድ እጄ ብረቱን፣ በሌላ እጄ ቁንጮዬን ይዤ ተኛሁ። እማዬ ጣቶቼን ልትፈታ ስትሞክር ጮህኩ። እሷም እጇን ግንባሬ ላይ ጫነች፤ አላነሳችም። ሦስቱ ወንድሞቼ ሁሉ በትኩሳት ነው የሄዱት፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ እጇ ግን ነገረኝ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሸምሱ በወረቀት የተጠቀለለ ብርቱካን ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። አልገባም አሉ።

«አስካለ፣ ልጁ ማለልኝ። ጥላውንም አሳየኝ። እኔ የሰው ሃይማኖት አልነካም፣ ታውቂኛለሽ።»

«እርስዎ ምን ያድርጉ ጋሽ ሸምሱ? ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንዴት ነው ያንቺ የሚሆነው?»

እትዬ ዘርፌ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ንገሪያቸዋ! ባልሽ በየሁለት ሳምንቱ በደጁ እያለፈ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳልሄድሽ ንገሪያቸው። እኔ አውቃለሁ፤ ካንቺ አፍ ይሰማ።»

እማዬ ወደ አልጋዬ ተመለከተች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ የተኛሁ መስሏታል።

«ፈርቼ ነው» አለች። «ጸጉሩ ራሱ ላይ እስካለ ድረስ ጠባቂ አለው። ስለቴን ካገባሁ በኋላስ? ጨርሰናል ይለኛል። ከዚያ ወዲያ እንደማንም ልጅ ነው። እንደነዚያ ነው። በታኅሣሥ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ሲደርስ ሰበብ እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ አንቺ መች ተሳልሽ?» አሉ እትዬ ዘርፌ። «መልአኩን በጸጉር አስረሽ ነው ያቆየሽው! የሰው እንግዳ እንኳ እንዲህ አይያዝም።»

ጋሽ ሸምሱ ቆባቸውን አስተካከሉ። «እኛ ልጅ በተወለደ በሰባተኛ ቀኑ ነው የምንላጨው። ስምንት ወልጄ ስምንቱንም በእጄ ላጨኋቸው። ከዚያ ወዲያ ጠባቂው አላህ ነው፤ ጸጉር አይደለም።»

«ስንቱ አሉ?» አለች እማዬ።

ጋሽ ሸምሱ ብርቱካኑን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ስድስቱ።»

ብርቱካኑን ደፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። እትዬ ዘርፌም ሲነሱ ከቀሚሳቸው ኪስ መቀስ አውጥተው ሳጥኑ ላይ አኖሩ። «ያቺን የቀረችውን ቁረጫትና ጨርሺ። ካልሆነም መልሰሽ አሳድጊው፤ እስኪያገባ እኔ እሠራለታለሁ። ሚዜዎቹንም ይዞ ይምጣ።»

እማዬ አልሳቀችም። መቀሱንም አልነካችውም።

ከተባለው ሁሉ ለኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝናቡም ብርዱም የጥላው ዘርፍም ውሸት ነበር። በቤታችን ውስጥ የምዋሸው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ይህ ለምን እንዳረጋጋኝ አላውቅም፤ እጄ ከአልጋው ብረት ላይ ሲላላ ግን ተሰማኝ።

ስነቃ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። የእንቁጣጣሽ ጠዋት ነው። ትራሴ በላብ ርሷል፤ ርቦኛል፤ ያውም ክፉኛ። እጄን ወደ አናቴ ሰደድኩ። ቁንጮዬ የለችም። ደግሜ ዳሰስኩ፤ ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ ነው፣ አናቴ ላይ ብቻ መቀስ እንደቆረጠው ትንሽ ይሻክራል።

እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን አልጋው ላይ አስደግፋለች። አንገቷ ወደ ጎን ወድቋል፤ አፏ ተከፍቷል፤ መቀሱ ከጣቷ ሾልኮ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። በሕይወቴ እናቴን ተኝታ አይቻት አላውቅም ነበር። እኔ ሳልተኛ አትተኛም፤ እኔ ሳልነቃ ትነሳለች። ስለዚህ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሌላ ነው፦ መልአኩ እኔን ስላጣ እሷን ወስዷታል። ከአልጋው ወርጄ ጆሮዬን አፏ አጠገብ አደረግሁ። ትንፋሿ ሞቅ ብሎ መጣ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ መጣ። ከዚያ ማንኮራፋት ጀመረች። እንደ አባቴ መኪና ዳገት ላይ።

ውጭ ደግሞ የሰብለ ድምፅ ከግቢው በር ይሰማል። አበባ ይዘው የሚዞሩት ልጆች መጡ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ በሩን ከኋላዬ ገጠም አድርጌ ወጣሁ። አሥር ይሆናሉ፤ ሹሩባቸው በቅቤ ያበራል፤ እጃቸው በአደይ አበባ ሞልቷል፤ ሰብለ ለመጀመር አፏን ከፍታለች።

«ዝም በሉ!»

አፏን እንደከፈተች ጭንቅላቴን አየችው። «እንቁላል ትመስላለህ።»

«ልምሰል። ዝም በሉ፤ እማዬ ተኝታለች።»

«በእንቁጣጣሽ? ታማለች?»

«አልታመመችም። ተኝታለች።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ትንሽ ልጅ «ታዲያ ሳንዘፍን እንለፋቸው?» አለች፤ ሌላዋ «የበዓል ቤት አይታለፍም፤ ነውር ነው» አለች። ሰብለ አሰበች። ስታስብ አይቻት ስለማላውቅ ያመማት መስሎኝ ነበር።

«ቀስ ብለን እንበለው» አለች።

ተጠጋግተው በሩ አጠገብ ክብ ሠሩ። ሰብለ፣ ድምፅዋ ከጊዮርጊስ ደወል እኩል ሰፈር የሚያዳርሰው ሰብለ፣ በሹክሹክታ አወጣች፤ ዘጠኙ በሹክሹክታ ተቀበሉ። የሚያጨበጭቡት በጣታቸው ጫፍ ነበር። ትንሿ ልጅ ሳቋ መጥቶባት አፏን በአበባው ያዘች። እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ ከኋላዬ ማንኮራፋቱ መቀጠሉን እያዳመጥኩ፣ እስኪጨርሱ ቆምኩ። ሲጨርሱ አበባውን እግሬ ሥር አስቀምጠው ጫማቸው ድምፅ እንዳያሰማ እየረገጡ ወጡ።

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ግርማ መጣ፤ መለስኩት። ሆቴል አብራት የምትሠራ ሴትዮ መጣች፤ መለስኳት። ፀሐይዋ የተላጨ ራሴን እያቃጠለችኝ ነበር። አራት ሰዓት ላይ እትዬ ዘርፌ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ዳቦ ይዘው፣ አጎንብሰው፣ በጭንቀት ፊቴን ሳይሆን በሩን እያዩ መጡ።

«ማን አለ ቤት?»

«እኔ አለሁ» አልኳቸው። «ቀስ ብለው ያውሩ፤ እማዬ ተኝታለች።»